በድስት ሽቦ የታጠበው መኪና

ሰው ሲጮህብኝ ዝም ነው የምለው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። አስተማሪ ጠርቶኝ ሰሌዳ ፊት ስቆም የማውቀው መልስ ይጠፋኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማፍር ሌላ ሰው እስኪወርድ እጠብቅና ያለፍኩትን መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዝምታዬን አንዳንዱ ሰው ጨዋነት ይለዋል፣ አንዳንዱ ጅልነት። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም የምለው ተናድጄ ነው። በዚያ ክረምት ንዴቱ አፌ ድረስ መጣ።

የምሠራው ኢምፔሪያል አካባቢ፣ ከቀለበት መንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ላቫጆ ነበር። አራት መኪና ጎን ለጎን የሚያስቆም ግቢ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ትልቅ የውሃ ታንከር፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ የባለቤቱ የፕላስቲክ ወንበር። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አሁንም አንቱ የምላቸው አፌ ስለለመደ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

እኔ የውስጥ ሠራተኛ ነበርኩ። ምንጣፍ አወጣለሁ፣ ወንበር አጸዳለሁ፣ ዳሽቦርድ እወለውላለሁ። ውጩን የሚያጥቡት ወንዶቹ ናቸው፤ ከባለመኪና ጋር የሚቀልዱትም እነሱ። እኔ መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩን ስዘጋ ማንም አያየኝም፣ ማንም አያናግረኝም። ሥራውን የወደድኩት ለዚህ ነበር።

ያ መኪና የመጣው ሰኔ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትልቅ ፒካፕ፣ ማዕዘኑ ሁሉ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል፣ ቀለም የሚባል ነገር ያልነካው። ከላይ እስከ ታች ራቁቱን ብረት ነው። ወንዶቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡት።

«ይሄ መኪና ነው ፍሪጅ?» አለ ከአጣቢዎቹ ቀልደኛው። እሱ ከሌለ ግቢው ውስጥ ሳቅ የለም።

«ፍሪጅስ ቀለም አለው» አለ ሌላው።

«እንግዲያው ድስት ነው። ክዳኑን ፈልጉለት!»

ባለመኪናው አልተቆጣም፤ ደስ አለው እንጂ። እዚያው ቦሌ የሚኖር፣ ለሚ ኩራ ሕንፃ የሚያሠራ ነጋዴ ነው። በሩን መታ መታ አደረገና «ስቴንለስ ነው» አለ። «ቀለም አያስፈልገውም። ዕድሜ ልኩን አይዝግም።» ከዚያ ስልኩን እያወራ ማዶ ወዳለው ካፌ ተሻገረ።

የመኪናው የታችኛው ክፍል ሬንጅ ተረጭቶበት ነበር። ሕንፃውን ለማየት ሲመላለስ ገና አስፋልት የሚነጠፍበት መንገድ ላይ ነድቶታል። ወንዶቹ በሳሙና ሞከሩ፣ በነጭ ጋዝ ሞከሩ፤ ግማሹ ለቀቀ፣ ግማሹ እንደተለጠፈ ቀረ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ።

«ሽቦ የለም እንዴ?»

«መኪና በሽቦ ይታሻል ጋሼ?» አለ ቀልደኛው።

«የሚላጥ ቀለም አለው? ድስት ነው ያልከው አንተ አይደለህ? ድስት በምን ይታጠባል?»

ሁሉም ሳቀ። ጋሼ እየሳቁ ወደ ታንከሩ ሄዱ። እዚያ መደርደሪያው ላይ የጎማ ቸርኬ የሚፈገፈግበት የድስት ሽቦ ነበር፤ አሮጌ፣ ቡናማ የሆነ፣ ሲያነሱት ዱቄት የሚያራግፍ። ይዘውት መጡና እኔ ያለሁበትን መኪና መስታወት አንኳኩ።

«አንቺ፣ ነይ ውጪ። ይሄ የሴት ሥራ ነው። ድስት ማጠብ ታውቂበታለሽ።»

ወጣሁ። ሽቦውን በእጃቸው ሰጡኝ። ባልዲው ውስጥ በረኪና ቀዱና «እንዲያበራ ነው» አሉኝ። ይህን የማስረዝመው በኋላ ስለሚካድ ነው። ሽቦውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ በረኪናውን የቀዱት እሳቸው ናቸው። እኔ ያደረግኩት መፈግፈግ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በደንብ አድርጌዋለሁ። ብረቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ፤ ጭረት እንዳይታይ መስመሩን ተከትዬ ፈገፈግኩ። ወንዶቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ያልቻሉት ሬንጅ ለቀቀ። መኪናው አበራ።

ባለመኪናው ተመልሶ ሲያየው «በስመ አብ! አዲስ ሆነ እኮ!» አለ።

«እኛ ጋ እንዲህ ነው» አሉ ጋሼ፣ ደረታቸውን እየነፉ።

እኔን ማን አየኝ? ባልዲዬን ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪናው በመጣ ቁጥር «ድስቱ መጣ፣ ባለሙያዋን ጥሯት» ይባላል። ከመጀመሪያው ጋር ሦስት ጊዜ በዚያው ሽቦ፣ በዚያው በረኪና ፈገፈግኩት። ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ያለማቋረጥ መውረድ ጀመረ። ባለመኪናው መኪናውን ቤቱ ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ ነው የሚያሳድረው፤ አይዝግም ብሎ የለ፣ ለምን ይጠለል?

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ለውስጥ ጽዳት ብቻ መጥቶ በሩን ስከፍት፣ ከእጀታው በታች አንድ ሰው በርበሬ የበተነበት ይመስላል። ጥቃቅን ቀያይ ነጥቦች። በጣቴ ነካሁት፣ ጣቴ ብርቱካንማ ሆነ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው ምሳ ይበላሉ፤ ባለመኪናው ከወንዶቹ ጋር ስለ ኳስ ያወራል። ሄጄ መናገር ነበረብኝ። ስድስት እርምጃ ነው። አልሄድኩም። በሩን ዘግቼ ምንጣፉን መጥረግ ቀጠልኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክደውም። በሌላው ሁሉ ግን የተደረገብኝን ይቅር አልልም።

የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ባለመኪናው ጡሩምባውን እየነፋ ገባ። ወርዶ በሩን እንደ ጠላት ፊት በጥፊ መታው።

«ማነው ይሄን መኪና የሚያጥበው?»

መኪናውን አየነው። ከታች በኩል ሁለቱም ጎኖች፣ የኋላው መዝጊያ፣ የጎማው ዙሪያ፣ በሙሉ ቀይ ነጠብጣብ። አንዳንዱ ቦታ ውሃ ይዞት ወርዶ እንደ እንባ መስመር ሠርቷል።

«ዛገ እንዴ?» አለ ቀልደኛው በቀስታ።

«ስቴንለስ አይዝግም!» ባለመኪናው ጮኸ። «ገባችሁ? ሊዝግ አይችልም! አንድ ሰው አሲድ ደፍቶበታል።»

«እኛ ጋ አሲድ የለም ወንድሜ» አሉ ጋሼ። ተነሥተው ቆመዋል።

«ታዲያ ይሄ ምንድነው? ከሰማይ ወረደ?»

ጋሼ መኪናውን አዩ፣ ወንዶቹን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ያንን አስተያየት አልረሳውም። ሰው ዕቃ የሚያስቀምጥበት ባዶ ቦታ ሲያገኝ እንዲያ ነው የሚያየው።

«ይሄን መኪና የምታጥበው ይቺ ናት» አሉ። «እኔ በሳሙና ነው የማዘው። እሷ ምን እንደምትጨምርበት አላውቅም።»

ቀልደኛውን አየሁት፤ ቦት ጫማውን ያያል። ሌላውም ቦት ጫማውን ያያል። በዚያች ደቂቃ ግቢው ውስጥ ከቦት ጫማ የሚበልጥ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ባለመኪናው ወደ እኔ ቀረበ። «ማነው የላከሽ?»

እንዲህ ነው ያለኝ። ማነው የላከሽ። ምን አደረግሽ እንኳ አላለም።

«ምን በደልኩሽ? ሰላም እንኳ ብዬሽ አላውቅም! በሰው ንብረት ምቀኝነት ምን ይሠራልሻል? ተናገሪ እንጂ!»

ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ዝም ካለች ያው አምናለች ማለት ነው» አሉ ጋሼ።

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እዚያ ከቆምነው ሰዎች መካከል ብረቱን የጠረጠረ አንድም የለም። ብረት ነው ዝጓል፤ ምን የሚገርም ነገር አለው? እነሱ ግን ስቴንለስ አይዝግም የሚለውን ቃል ከሚጠራጠሩ እኔን መጠርጠር ቀለላቸው። መኪናው ክብር ነበረው፣ እኔ አልነበረኝም።

ባለመኪናው ቅዳሜ ጠዋት እንደሚመለስ፣ እስከዚያ ካልተጣራ ፖሊስ ጣቢያ እንደሚሄድ ተናግሮ ወጣ። ጋሼ መታወቂያዬን ጠየቁኝና ኪሳቸው ከተቱት።

«እስከ ቅዳሜ አትምጪ። ቅዳሜ ከቀረሽ ግን ጥፋቱን ይዘሽ ጠፋሽ ማለት ነው። ዋስሽን ነው የምጠራው።»

ዋሴ አክስቴ ናት። ሥራ ስገባ የፈረመችልኝ እሷ ናት። አንዴ መኪና ያበላሸች ከተባልኩ ኢምፔሪያልም ሆነ ገርጂ ሌላ ላቫጆ አይቀበለኝም፤ ይህ ሰፈር ወሬ አይደብቅም። የሚብሰው ግን የአክስቴ ፊርማ ነው። አክስቴ በስሟ ቀልዳ አታውቅም።

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስነግራት አክስቴ አልጮኸችም። «አድርገሻል?» አለችኝ፤ «አላደረግኩም» አልኳት። «በቃ» አለችና ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ለእሷ ያ በቂ ነው። ለእኔ ግን አልበቃኝም። ወጥ ቤት ገብቼ የተከመረውን ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ፤ ማጠብም አይባልም፣ መደብደብ ነው። ድስቱን ሳንኳኳ የጋሼን ፊት የማንኳኳ ይመስለኝ ነበር።

«ቀስ! ቀስ በይ እንጂ! ደግሞ በየትኛው ሽቦ ነው የምታጥቢው?» አለች አክስቴ ከኋላዬ። «ያ የፍስክ ነው! የጾሙ ድስት ላይ?»

አክስቴ ቤት ሁለት ሽቦ አለ። ሥጋና ቅቤ የነካው ድስት የሚታጠብበት የፍስክ ሽቦና የጾም ሽቦ። ለየብቻ ነው የሚቀመጡት፤ ቢላዋም ሁለት ነው፣ መክተፊያውም ሁለት። ከሰሜን ይዛው የመጣችው የእናቷ ሥርዓት ነው፣ አይፈርስም።

«የጾሙ ነው የያዝኩት» አልኳት። «የፍስኩ እዚያው ነው።»

የፍስኩ ሽቦ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ማንም ሳይነካው ከሲንኩ ጥግ እርጥቡን ተቀምጧል። አነሣሁት። ከሥሩ ቀይ ክብ ነገር ታትሟል።

«አየሽ ጉዴን!» አለች አክስቴ። «ሲንኩ ዛገ! ስቴንለስ ነው፣ አይዝግም ብሎ ነበር የሸጠልኝ ሰውዬ!»

እጄ ቆመ። ያው ቃል ነው። ሰሌን ላይ እንደ ተሰጣ በርበሬ የመሰለው ቀለምም ያው ነው። አክስቴ ለሰላጣ የጨመቀችው ሎሚ ልጣጩ አጠገቤ ነበር፤ አነሣሁና ክቡን አሸት አሸት አደረግኩት። ለቀቀ። ከሥሩ ብረቱ እንደ ድሮው ነጭ ነው፣ ምንም አልሆነም። የዛገው ሲንኩ አልነበረም። የዛገው ሽቦው ነው፤ ሲንኩ ላይ ዝገቱን ብቻ ጥሎ ነው የሄደው።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። መኪናው ላይ ሽቦ ትቼ አልሄድኩም። ታዲያ ዝገቱ ከየት መጣ?

ከብሎካችን ፊት ለፊት፣ ምድር ቤት፣ የደረጃና የበረንዳ ሃንድሬል የሚሠራ ሰው አለ። ሥራው ሁሉ ስቴንለስ ነው። በማግስቱ ልጠይቀው ወረድኩ። በሱቁ በር አለፍኩ። ተመልሼ አለፍኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሳልፍ የመበየጃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና ጮኸ።

«እህቴ! ወይ ግቢ ወይ እኔ ልውጣ። ሥራ አስፈታሽኝ!»

ገባሁ። መሬቱን እያየሁ «ስቴንለስ ይዝጋል?» አልኩት።

«ኧረ ገና ከመግባትሽ! ማነው የሸጠልሽ?»

«አልገዛሁም። በሽቦ አጥቤ ነው።»

«የምን ሽቦ? የድስት? ተራው የብረት ሽቦ?»

«አዎ። ከበረኪና ጋር።»

እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወይ አምላኬ! ምኑን?»

«መኪና።»

ሳቀ፤ ዕቃ ጥሎ እስኪቀመጥ ሳቀ። ተናደድኩ፣ ልወጣ ዞርኩ። «ቆይ፣ ቆይ፣ በአንቺ አይደለም» አለና አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከግድግዳ አወረደ። ሲፈታው የማሽን ዲስክና አንድ ብሩሽ ነው። ከሥሩ ደግሞ ያልተጠቀለለ፣ አቧራ የለበሰ ሌላ ዲስክና ሌላ ብሩሽ ተንጠልጥሏል።

«ጾመኛ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሥጋ በተቆረጠበት ቢላዋ ለጾም ወጥ ሽንኩርት ትከትፊያለሽ?»

«አልከትፍም።»

«ለምን?»

«ይነካካላ።»

«በቃ! ይሄም ይነካካል።» የተጠቀለለውን አነሣ። «ይሄ ስቴንለስ ብቻ ነው የሚነካው። ያ ለተራ ብረት ነው። ተራ ብረት የቆረጥኩበትን ስቴንለስ ላይ ካሳረፍኩት፣ ዓይን የማያየው የብረት ብናኝ ተለጥፎ ይቀራል። ዛሬ ያበራል፣ ባለቤቱ ይመርቀኛል። ዝናብ ሲነካው ብናኙ ይዝግና ሰውየው ሊገድለኝ ይመጣል።»

ሽቦውም ያደረገው ያንን ነበር። ስፈገፍግ ሽቦው እየተፋቀ መኪናው ላይ ቀርቷል። ጋሼ በሰጡኝ አሮጌ ሽቦ ያን ሁሉ ሬንጅ ሳነሣ፣ ዝገት እየዘራሁ ነበር።

«በረኪናውስ?»

«እሱ ደግሞ ይብሳል። ስቴንለስ የማይታይ ቀጭን ቆዳ አለው፤ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቢጫር እንኳ አየር ሲያገኝ ራሱ ይመለሳል። በረኪና ግን ቆዳውን ይበላዋል። በደንብ ካልታጠበ፣ ከቆየ፣ ስቴንለሱንም ራሱን ይበሳዋል። ያኔ እውነተኛ ዝገት ነው።»

«አይዝግም ይላሉ።»

«ሻጭ ነው እንዲያ የሚል። እኛ ቶሎ አይዝግም ነው የምንለው።» ነጥቦቹ ገና ትኩስ ስለሆኑ ሎሚ እንደሚበቃቸው ነገረኝ። ጨርቅ በሎሚ ነክሬ ለጥፌበት ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያህል ልጠብቅ፣ በመስመሩ ልሽ፣ በንጹሕ ውሃ ላለቅልቅ፣ ላድርቅ። «ለአለቃሽ ንገሪው።»

«እኔ ስናገር አይሰሙኝም» አልኩት።

«አፍ ባይኖርሽ እጅ አለሽ አይደል? ደግሞ ሬንጅ በሽቦ የነቀለ እጅ።»

ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሎሚና ከአሮጌ ሸሚዝ የቀደድኩት ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። አክስቴ አብሬሽ ልምጣ አለች፤ እምቢ አልኳት። ታክሲው ኢምፔሪያል ሲቃረብ «ወራጅ አለ!» ብዬ ስጮህ ሰው ሁሉ ዞረ። ረዳቱ ደነገጠ። «እህቴ በሩ ይከፈታል እኮ፣ አትሰብሪው!» አለኝ። ለሳቃቸው ደንታ አልነበረኝም።

ስደርስ መኪናው ግቢው መሐል ቆሟል። ባለመኪናው እጁን አጣምሮ ተደግፎታል፤ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ማንንም ሰላም አላልኩም። ሎሚውን ቆርጬ ጨርቁ ላይ ጨመቅኩና ከበሩ እጀታ በታች ልለጥፈው ስል ጋሼ ተወርውረው መጥተው አንጓዬን ያዙኝ።

«ደግሞ ምን ልትደፊበት ነው?»

«ሎሚ» አልኩ።

«ሎሚ?» አለ ባለመኪናው።

«ሰላጣ ልትሠራበት ነው» አለ ቀልደኛው፤ ግቢው በሳቅ ሞላ።

ባለመኪናው ግን እጁን አነሣ። «ይልቀቋት። ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?»

ለጠፍኩት። ከዚያ ጠበቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ጥበቃ አላውቅም። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ሎሚው ባይሠራስ? ሲንክ ሌላ መኪና ሌላ ቢሆንስ? ጨርቁን አንሥቼ በመስመሩ አሸሁ፣ ውሃ አፈሰስኩበት፣ አደረቅኩት። የአንድ መዳፍ ያህል ቦታ አበራ። አንድም ነጥብ የለም። በዙሪያው ቀዩ እንዳለ ነው።

ባለመኪናው ቁጢጥ ብሎ አየው። በጣቱ ነካው። «እንዴት?»

ወደ ታንከሩ ሄድኩ። ሽቦው እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ መደበቅ እንኳ አልታያቸውም፣ ያን ያህል ነው የናቁኝ። ከባልዲ ነክሬ አመጣሁና የባለመኪናው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይጨብጡት» አልኩት። ጨበጠ። «አሁን ይክፈቱት።»

መዳፉ ብርቱካንማ ሆኗል።

«ሦስት ጊዜ የታጠበው በዚህ ነው። መኪናዎ ላይ ያለው የዚህ ዝገት ነው። አሲድ አይደለም። በረኪናም ተጨምሮበታል።»

«በዚህ እጠቢ ያለሽ ማነው?»

ሽቦውን ከመዳፉ አነሣሁ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞርኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ።

«እርስዎ ነዎት ጋሼ። ድስት ነው ብለው ሽቦውን በእጄ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። በረኪናውን የቀዱት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? መቼ?»

«እውነቷን ነው» አለ ቀልደኛው። በዚህ ጊዜ ቦት ጫማውን አላየም። «ሁላችንም ነበርን።»

አላመሰገንኩትም። ማክሰኞ ዕለት አፉ የት ሄዶ ነበር?

ጋሼ ሳቁ። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም? ይሄን ሁሉ ጣጣ አንቺ እኮ ነሽ ያመጣሽው!»

ከሁሉም ነገር ይህ ነው የገደለኝ። እኔ እንደማልናገር አይተው ነው የመረጡኝ። አሁን ደግሞ ያው አለመናገሬ ጥፋት ሆነ።

«በቃ አለፈ» አሉ፣ ትከሻዬን እየነኩ። «ልጄ አይደለሽ? ከልጄ ጋር ምን ይቅርታ አለ። በይ ቀሪውን ጨርሺለት፣ ሰኞ ሥራሽን ጀምሪ።»

«ልጅዎ አይደለሁም» አልኩ። ትከሻዬን ከእጃቸው አወጣሁ። «መታወቂያዬን ይስጡኝ። ደግሞ ዋሴ ጋ ይደውሉ።»

«ለምን?»

«አላበላሸችም ይበሏት።»

ወንዶቹ ውሃውን ዘግተው ነበር። ባለመኪናው ቀዩን መዳፉን እያየ «ይደውሉ እንጂ» አላቸው። ጋሼ መታወቂያዬን አውጥተው ሰጡኝ፣ ስልካቸውን አወጡ። ድምፁን ከፍ እንዲያደርጉት ነገርኳቸው። አደረጉት።

«እንደምን አደሩ... እኔ የላቫጆው... ስለ ልጅቷ ነበር። ተጣርቷል። ጥፋት የለባትም። አላበላሸችም።»

የአክስቴ ድምፅ ግቢው ውስጥ ተሰማ። «እሱንማ ማክሰኞ ነው ያወቅኩት። እርስዎ ዛሬ አወቁ?»

ጋሼ ስልኩን ዘጉ። ማንም አልሳቀም፣ ቀልደኛውም።

ጨርቄን ጨምቄ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ። አራት ሎሚ ቀርቶኛል። ባለመኪናው ተከተለኝ። «ማነው የላከሽ» ያለኝን እንዲያነሣ ጠበቅኩት፤ አላነሣውም።

«እህቴ፣ ቀሪውስ? ሌላው ጎን አለ፣ ኋላው አለ...»

የተጨመቀችውን ግማሽ ሎሚ ከመኪናው ላይ አንሥቼ የጋሼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ።

«ሎሚ ሱቅ አለ» አልኩት፤ ከግቢው ወጣሁ።